«ሂዲየስ» ሁልጊዜ «በጣም አስቀያሚ» ነው?

ጥያቄው፦ «አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የትርጉም ቢሮ እሠራለሁ። ውጭ አገር የሚኖር ሰው ለፍርድ ቤት የላከው የእንግሊዝኛ የምስክርነት ቃል እንድተረጉም ተሰጠኝ። ምስክሩ ‹ሂዲየስ› የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ ላይ ተጠቅሞበታል። መጀመሪያ ድርጊቱ ስለተፈጸመበት ሕንፃ፣ ቀጥሎ በተጎጂዋ ፊት ላይ ስለቀረው ጠባሳ፣ በመጨረሻ ስለ ወንጀሉ ራሱ። ሦስቱንም ‹በጣም አስቀያሚ› ብዬ ተረጎምኳቸው፤ የቢሮው አራሚ ሦስቱንም አሰመረባቸው። መዝገበ ቃላቱ የሚለው ይህንኑ አይደለም እንዴ?»

መልስ፦

ለሕንፃው ያስቀመጡት ትርጉም እንደ ሁኔታው ሊያስኬድ ይችላል። ለጠባሳው ያስቀመጡት አደጋ አለው። ለወንጀሉ ያስቀመጡት ግን ስሕተት ነው፤ አራሚው ትክክል ናቸው። ምክንያቱን በደንብ ማየት ይገባል፣ ምክንያቱም ይህ ቃል በሌላ ሰነድ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

እንግሊዝኛው ለተራ መልከ ጥፉነት «አግሊ» የሚል ቃል አለው። «አግሊ» ስለ ነገሩ ይናገራል፤ ነገሩ አያምርም ይላል፣ በቃ። «ሂዲየስ» የሚናገረው ነገሩን ባየው ወይም በሰማው ሰው ላይ ስለሚደርሰው ነው። ፊትን ማዞር፣ መሳቀቅ፣ የሰውነት መሸማቀቅ አለበት። ስለዚህ «ሂዲየስ»ን በ«አግሊ» ላይ «በጣም» ተጨምሮበት የተገኘ አድርገው ከያዙት መነሻው ላይ ይስታሉ። ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም፤ የዓይነትም ነው።

የቃሉ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ከገቡት ብዙ ቃላት አንዱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚታየው ከ1300 ገደማ ጀምሮ ነው። የጥንቱ ፈረንሳይኛ ሥር «ፍርሃት፣ ድንጋጤ» ማለት ነበር። የመጀመሪያ ፍቺውም «የሚያስፈራ፣ የሚያስደነግጥ» እንጂ «የማያምር» አልነበረም። ለዓይን የሚያስጠላ የሚለው ፍቺ ቆይቶ ተደረበበት፤ አሮጌው ፍርሃት ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። የሚገርመው «አግሊ»ም ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ሲመጣ ሥሩ ፍርሃት ነበር። ከጊዜ ብዛት «አግሊ» ለዘበና ተራ ቃል ሆነ፤ «ሂዲየስ» ግን ድንጋጤውን ይዞ ቀረ።

አሁን የእኛን ቃል ይመልከቱት። «አስቀያሚ» የመጣው «አስቀየመ» ከሚለው ግስ ነው፤ ከበስተኋላው ያለው «ቂም» ነው። አንድ ሰው «አስቀየመኝ» ስንል ስለ መልኩ አንናገርም፤ ቅር አሰኘኝ፣ ስሜቴን ጎዳኝ ማለታችን ነው። «አስቀያሚ ንግግር»፣ «አስቀያሚ ጠባይ»፣ «አስቀያሚ አጋጣሚ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ዳኛው «በጣም አስቀያሚ ወንጀል» የሚለውን ሲያነቡ የሚደርሳቸው ቅሬታ ነው፤ ምስክሩ ግን የጻፈው ስለ ድንጋጤ ነው። በሰው ላይ የደረሰ ከባድ ጥቃት ደስ የማይል ነገር የተደረገ ያህል ቀለለ ማለት ነው። የምስክሩ ቃል በእርስዎ እጅ ሲያልፍ ክብደቱን አጣ፤ አራሚው ያሰመሩበት ለዚህ ይመስለኛል።

ለወንጀል የሚሆኑት ቃላት ሌሎች ናቸው፤ እነሱም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። «አሰቃቂ» ከ«ሰቀቀን»ና ከ«ተሳቀቀ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የሚናገረው ነገሩ በተመልካቹ ላይ ስለሚያሳድረው ሰቀቀን በመሆኑ በአሠራሩም በስሜቱም ለ«ሂዲየስ» ከሁሉም የቀረበው እሱ ነው። «ዘግናኝ»ም ሰውነትን የሚያሸማቅቅ ነው፤ ነገር ግን በዛሬው አማርኛ ደም፣ የተቆረጠ አካል፣ አስከሬን የመሰለ ነገር ይጠራል። በምስክርነት ቃሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝርዝር ከሌለ «ዘግናኝ» ማለት ምስክሩ ያላዩትን ደም መጨመር ይሆናል። «ሰቅጣጭ» ደግሞ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ያደላል፤ ለጩኸት፣ ለሚሰማ ወሬ ይስማማል። እኔ በዚህ ሰነድ ላይ «አሰቃቂ ወንጀል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ያለ «በጣም»።

እዚሁ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «ሄይነስ» የሚባል ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በድምፅም በአጻጻፍም ስለሚቀራረቡ፣ ሁለቱም «ወንጀል» ከሚለው ቃል ፊት ስለሚመጡ ተርጓሚዎች ይቀላቅሏቸዋል። «ሄይነስ» የመጣው «ጥላቻ» ከሚል የፈረንሳይኛ ሥር ሲሆን የሚነገረው ስለ ድርጊት ብቻ ነው፤ ሄይነስ ቀሚስ ወይም ሄይነስ ሕንፃ አይባልም። በእንግሊዝኛ የሕግ ጽሑፍ ውስጥ ከወንጀል ጋር በብዛት የሚሄደውም እሱ ነው፤ ለእሱ «እጅግ ነውረኛ» ወይም «ግፍ የተሞላበት» ይቀርባል። ምስክሩ ጠበቃ ካልሆኑና «ሂዲየስ» ብለው ከጻፉ የራሳቸውን ድንጋጤ እየተናገሩ ነውና ወደ ሕግ ቋንቋ አያሳድጉት። ፊደል በፊደል ይዩትና የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ወጥመድ «ከባድ» የሚለው ቃል ነው። ብዙዎች «ሂዲየስ»ን ለማጉላት «ከባድ ወንጀል»፣ «ከባድ ጠባሳ» ይላሉ። በፍርድ ቤት ሰነድ ላይ ግን «ከባድ» ተራ ቅጽል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ «ከባድ የአካል ጉዳት» በአንቀጽ 555፣ «ቀላል የአካል ጉዳት» በአንቀጽ 556 ተለይተው የተቀመጡ ናቸው፤ ቅጣታቸውም ይለያያል። የሰውን መልክ ጎልቶ በሚታይ ሁኔታ ማበላሸት ደግሞ በአንቀጽ 555 ከተዘረዘሩት ጉዳቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ምስክሩ «ሂዲየስ» ያሉትን ጠባሳ እርስዎ «ከባድ» ቢሉት፣ ጉዳቱ በየትኛው አንቀጽ ሥር ይወድቃል የሚለውን ክርክር ተርጓሚው በአንድ ቃል የነካው ይመስላል። ያ የዳኛውና የሐኪም ማስረጃው ሥራ ነው። የእርስዎ ድርሻ ምስክሩ አይተው የተሰማቸውን ማድረስ ብቻ ነው።

ጠባሳው ሌላም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ቅጽሉ የተጣበቀው በጠባሳው ላይ ነው፤ በተጎጂዋ ላይ አይደለም። አማርኛው ላይ ግን ቃላቱ ሲደረደሩ ቅጽሉ በቀላሉ ይንሸራተታል። «አስቀያሚ የፊት ጠባሳ» ሲባል የሚያስቀይመው ፊቱ ይሁን ጠባሳው በአንድ ንባብ አይለይም። «ፊቷን አስቀያሚ አደረገው» ከተባለማ ምስክሩ ያላሉት ፍርድ በሴትየዋ መልክ ላይ ተሰጠ ማለት ነው፤ እሷም ችሎት ውስጥ ተቀምጣ ልትሰማው ትችላለች። መፍትሔው ቅጽሉን ከጠባሳው ጋር ማሰር ነው፦ «በፊቷ ላይ፣ ሲያዩት የሚያሰቅቅ ጠባሳ ቀርቷል»። ፊቷ ፊቷ ሆኖ ይቆያል፤ የሚያሰቅቀው ጠባሳው ነው።

ይህን ያህል የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የመልክ ቃላት በአካል ጉዳተኞች ላይ ምን እንደሠሩ የታወቀ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ በ1867 እ.ኤ.አ.፣ ቺካጎ በ1881 እ.ኤ.አ. አካላቸው የተጎዳ ወይም በሕመም መልካቸው የተለወጠ ሰዎች በአደባባይ እንዳይታዩ የሚከለክሉ ደንቦች አውጥተው ነበር። የቺካጎው ደንብ እነዚህን ሰዎች የገለጸው «አንሳይትሊ» ማለትም ለዓይን የማይመቹ ነገሮች ብሎ ነው፤ የተሻረውም በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። «ሂዲየስሊ» ከሚለው ተውሳከ ግስ ጋር «መልኩ የተበላሸ» ማለት በድሮ ጋዜጦች የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ጠንቃቃ ጸሐፊዎች ይሸሹታል። በአማርኛ እንዲህ ያለ ሐረግ ሲገጥምዎት «ፊቱ ክፉኛ ተጎድቷል» ይበሉ። «ክፉኛ» የጉዳቱን መጠን ይናገራል፤ ሰውየውን አያዋርድም።

ወደ ሕንፃው እንመለስ። ለሕንፃ ሲሆን ብዙ ጊዜ «ሂዲየስ» የጣዕም ፍርድ ነው። ከቸርችል ጎዳና ቁልቁል እያየ አንዱን መስታወት ለበስ ፎቅ «ሂዲየስ» የሚል እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፈርቶ አይደለም፤ ቀለሙ፣ ቅርጹ ወይም ከአካባቢው ጋር አለመሄዱ ዓይኑን ረብሾት ነው። እዚህ ላይ «ዘግናኝ ሕንፃ» ማለት ከልክ ያልፋል፤ አንባቢው በውስጡ ሰው አልቋል ብሎ ያስባል። «አሰቃቂ ሕንፃ»ም አይሄድም። «ሲያዩት የሚያስጠላ ሕንፃ»፣ ጠንከር ካለ «ውበት የሚባል ያልፈጠረበት ሕንፃ» ይበቃል። «አስቀያሚ ሕንፃ»ም ያስኬዳል፤ መጀመሪያ ሊያስኬድ ይችላል ያልኩት ለዚህ ነው።

ነገር ግን ይህ የአስጎብኚ መጽሐፍ አይደለም፤ የወንጀል ምስክርነት ነው። ምስክሩ ሕንፃውን የጠቀሱት ምን ብለው ነው? በጨለማ የገቡበት፣ ሰው የማይኖርበት፣ ደረጃው የፈራረሰ ቤት ከሆነ አሮጌው የፍርሃት ፍቺ ተመልሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ትክክለኛው ቃል «የሚያስፈራ» ነው። ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያንብቡ። ስለ ቀለምና ስለ አሠራር ካወሩ «የሚያስጠላ»፣ ስለ ጨለማ፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ መሸሽ ካወሩ «የሚያስፈራ»። ከጽሑፉ የማይለይ ከሆነ ሰነዱን ያመጡትን ደንበኛ ጠይቀው ለምስክሩ ጥያቄው እንዲደርስ ማድረግ ይሻላል፤ ይህ ነውር የለበትም።

ቃሉ ከፍርድ ቤት ውጭ ሲመጣ አሠራሩ ይኸው ነው፦ የሚሸማቀቀው የትኛው የስሜት ሕዋስ እንደሆነ መጀመሪያ ይለዩ። ለልብስ፣ ለጫማ፣ ለመጋረጃ ሲሆን የአዲስ አበባ ሰው አፉ ላይ ያለው «ሲያስጠላ!» ነው። በፊልም ትርጉም ላይ አንዲት ገጸ ባሕርይ ቀሚስ አንሥታ «ሂዲየስ!» ብትል ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ አጭር ነው፣ ስሜቱም ሙሉ ነው። ለጩኸት «ጆሮ የሚሰቀጥጥ» ይሆናል። ለነፍሳትና ለመሳሰሉት «የሚቀፍ» ይባላል፤ ቃሉ በቆዳ ላይ የሚሰማውን ይዟል። ለተረት አውሬና ለጋኔን «አስፈሪ» ነው። ለሽታና ለጣዕም እንግሊዝኛው ራሱ «ሂዲየስ»ን እምብዛም አይመርጥም፤ ሌሎች ቃላት አሉት።

ስለ ጋኔን ካነሣን አይቀር፣ የሙዚየም ማብራሪያ ለሚተረጉሙም ይጠቅማል። በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያሉትን የመሰሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን የሚገልጽ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ሰይጣንን ወይም አሳዳጅ ወታደሮችን «ሂዲየስ» ሊላቸው ይችላል። በእኛ የሥዕል ልማድ ክፉዎች የሚለዩት ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይናቸው ብቻ በመታየቱ ነው፤ ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያያሉ። ፊታቸው የግድ መልከ ጥፉ ሆኖ አይሣልም። ስለዚህ «አስቀያሚ ወታደሮች» ብሎ መተርጎም ሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር ይሆናል፤ «የሚያስፈሩ» ይሻላል።

«ሂዲየስሊ» የሚለው ተውሳከ ግስ ደግሞ ከመልክ ጋር ጭራሽ ላይገናኝ ይችላል። ዋጋን ሲያጎላ የእኛው «አይቀመስም» አለ፤ «ዋጋው የማይቀመስ ነው»። ውስብስብነትን ሲያጎላ «መላ ቅጡ የጠፋ»፣ ብልሽትን ሲያጎላ «ክፉኛ ተበላሸ» ይሆናል። «በሚያስጠላ ሁኔታ ውድ» ብሎ የጻፈ ሰው የእንግሊዝኛውን አጥንት በአማርኛ ቆዳ ሸፍኖ አቅርቧል፤ ማንም ሰው መርካቶ ላይ እንዲህ ብሎ ዋጋ አይከራከርም።

ስለ «በጣም» ልጨምር። እንግሊዝኛው ውስጥ «ሂዲየስ» ጫፍ የደረሰ ቅጽል ነው። ጥሩ ጸሐፊ «ቬሪ» አይጨምርበትም፤ ማጠናከር ከፈለገ «አብሶሉትሊ» ወይም «ትሩሊ» ይላል፤ ሲያወዳድር «ሞር ሂዲየስ» ማለት ይቻላል። አማርኛውም ያው ነው። «አሰቃቂ»ና «ዘግናኝ» ጫፍ ላይ ያሉ ቃላት ስለሆኑ «በጣም» ሲጨመርባቸው አይጎሉም፤ ጸሐፊው ቃሉን ያላመነው ይመስላል። የተረጎሙትን ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። «በጣም»ን ሲያወጡት ዓረፍተ ነገሩ ከላላ የመረጡት ቃል ደካማ ነበር ማለት ነው፤ ቃሉን ይቀይሩ። ሌላው፣ አማርኛ ከቅጽል ይልቅ በግስ ይጠነክራል። «አሰቃቂ ጠባሳ» ከማለት «ሲያዩት የሚያሰቅቅ ጠባሳ» ማለት ሕይወት አለው፤ የሚያየውን ሰውም አብሮ ያመጣል።

ጎረቤቶቹን ባጭሩ፦ «ግሮቴስክ» ቅርጹ የተዛባ፣ የማይገናኝ ነገር የተቀላቀለበት ነው። ቃሉ የመጣው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሮም ውስጥ ከመሬት ሥር በተገኙት የኔሮ ቤተ መንግሥት ክፍሎች ግድግዳ ላይ ከነበሩት የሰው፣ የእንስሳና የዕፅ ቅልቅል ሥዕሎች ነው። «ሞንስትረስ» ግዝፈትና ግፍ አለበት። «ጋስትሊ» የገረጣ፣ የመንፈስ መልክ ያለው ነው፤ ለታመመ ሰው ሲነገር «ፊቱ አመድ መስሏል» ይስማማዋል። «አንሳይትሊ» ለቆሻሻ ክምርና ለተንዠረገገ ሽቦ የሚሆን ለስላሳ የቢሮ ቃል ነው። ወጣቶች ከኢንተርኔት የሚለቅሙት «ፈግሊ» ከስድብ ጋር የተጣበቀ ቃል ነው፤ በሰነድም በቁም ነገር ጽሑፍም አይግባ።

አንድ ቀን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉሙ ደግሞ ስሕተቱ ይገለበጣል። «አስቀያሚ ነገር ተናገረኝ» ሲሆን እንግሊዝኛው «ናስቲ» ነው፤ «ሂዲየስ» አይደለም፣ «አግሊ»ም ብዙ ጊዜ አይደለም። «ፉንጋ» ቢበዛ «አግሊ» ነው። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» የሚለው ተረት ውስጥ ያለው መልከ ጥፉ በማንም ላይ ድንጋጤ አይፈጥርም፤ «ፕሌይን» ወይም «አግሊ» ይበቃዋል። አሜሪካኖች ለተራ መልክ የሚሉትን «ሆምሊ» እንዳይጠቀሙ፤ እንግሊዞች ዘንድ ሞቅ ያለ፣ ቤት ቤት የሚል ማለት ነው። ሰውን በአካል «ሂዲየስ» ማለት ደግሞ በእንግሊዝኛ ከባድ ውርደት ነው፤ አማርኛው ላይ የሌለውን ጭካኔ ይጨምራል።

ችሎት ቀርበው በቃል የሚያነቡት ከሆነ አነባበቡን ይያዙ፦ ሂ-ዲ-የስ፣ ጫናው «ሂ» ላይ። «ሃይድ» ብሎ የሚጀምር ሰው ያጋጥማል፤ «መደበቅ» ከሚለው ቃል ጋር ግን ዝምድና የለውም። አጻጻፉ ሰባት ፊደል ነው፦ ኤች፣ አይ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤስ። ከ«ዲ» ቀጥሎ «አይ» መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

ለሰነድዎ እንግዲህ የማቀርበው ይህን ነው። ሕንፃው፦ «ሲያዩት የሚያስጠላ ሕንፃ»፣ አውዱ ጨለማና ሽሽት ከሆነ «የሚያስፈራ ሕንፃ»። ጠባሳው፦ «በፊቷ ላይ ሲያዩት የሚያሰቅቅ ጠባሳ»። ወንጀሉ፦ «አሰቃቂ ወንጀል»። ምስክሩ አንድን ቃል ሦስት ጊዜ መደጋገማቸው በክርክሩ ላይ ለውጥ ያመጣል ብለው ካሰቡ፣ ከትርጉሙ ግርጌ በ«የተርጓሚ ማስታወሻ» ሦስቱም ቦታ ላይ በመነሻው ያለው ቃል «ሂዲየስ» መሆኑን ይጻፉና ገጹንና መስመሩን ያመልክቱ። ማስታወሻው ከዚያ አይለፍ፤ ማብራሪያ ካስፈለገ ችሎቱ ይጠይቅዎታል።